ሦስት ጊዜ ሲጫኑት የሚነሳው ሬዲዮ

በአንድ ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ሠርቼ ነበር። አጭር መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፣ ሌላ ሥራ የለውም። አዲስ ድንጋይ ስከትበት ቁልፉን ገና ስነካው ይነሳል። ድንጋዩ አንድ ሳምንት ከሠራ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እምቢ ማለት ጀመረ። አንዴ ተጫንኩት፣ ዝም። ደገምኩት፣ ዝም። ቶሎ ቶሎ ስጫነው ሦስተኛው ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ አለ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ዋለ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጨርሶ የሞተ ዕቃ ይሻላል፣ ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ የሞተውን ታገኙታላችሁ። ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ዕቃ ግን ልክ ልትይዙት ስትሉ ይሠራል። ለዚህ ነው ያየሁትን ሁሉ እዚህ የምጽፈው፤ ሌላም ሰው ሦስተኛው ላይ የሚነሳ ነገር ይዞ ተቀምጦ ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው፣ ሊያልቅ ሲል 0.9 አካባቢ ይወርዳል። የሬዲዮው ቺፕና ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም ሬዲዮውን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ደግሞ 3.3 ቮልት ይፈልጋሉ። መሃል ላይ ቆሞ የሚያስታርቃቸው ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ቡስት ኮንቨርተሩ ነው። ኢንዳክተሩን፣ ማለትም የሽቦ ጥቅሉን፣ በሴኮንድ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ከግራውንድ (ከድንጋዩ ኔጌቲቭ ጎን) ጋር ያገናኘዋል፣ ይለቀዋል። ሲያገናኘው ኢንዳክተሩ ውስጥ ከረንት እየጨመረ ጉልበት ይጠራቀማል። ሲለቀው ያ የተጠራቀመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ አልፎ፣ ቻርጅ በሚያጠራቅመው የመውጫው ካፓሲተር ላይ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ መውጫው ከድንጋዩ በላይ ከፍ ይላል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መውጫው ነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንን ይመስለኛል። 3.3 ቮልት መኖር ያለበት ቦታ ላይ መልቲሜትር አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ 1.7 ቮልት አሳየኝ። ቆሟል። አይወጣም፣ አይወርድም። የኮንቨርተሩ ቺፕ ተበላሽቷል ብዬ ነቀልኩትና አዲስ በየድኩ። አሁንም 1.7። ሌላ ቺፕ። አሁንም ያው። ከዚያ ድንጋዩን አውጥቼ በጠረጴዛ ላይ ባለው ፓወር ሰፕላይ 1.1 ቮልት ሰጠሁት፣ ወዲያው ተነሳ። አሥር ጊዜ አጠፋሁት፣ አሥር ጊዜ ተነሳ። በድንጋይ እምቢ፣ በፓወር ሰፕላይ እሺ፣ ያውም በእኩል ቮልቴጅ።

እንግዲህ ድንጋዩ ስንት እየሰጠ እንደሆነ ልይ ብዬ መልቲሜትሩን በሚሊአምፔር ክልል ላይ አድርጌ በመሃል አስገባሁት። ይባስ ብሎ በአዲስ ድንጋይም አልነሳ አለ! ያንን ምሽት ሙሉ ቦርዱ ላይ አጭር ግንኙነት ስፈልግ አመሸሁ። ጥፋቱ ግን ከመለኪያው ነበር። መልቲሜትር ከረንት የሚለካው በውስጡ ባለ ሬዚስተር ላይ የሚወርደውን ቮልቴጅ በማየት ነው፣ በሚሊአምፔር ክልል ይህ ሬዚስተር ከፊውዙ ጋር ብዙ ጊዜ 1 ኦምና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ በማይክሮአምፔር ክልል ደግሞ 100 ኦም አካባቢ የሚደርስ አለ። ግማሽ አምፔር ለሚፈልግ ኮንቨርተር ከ1.5 ቮልት ላይ 1 ኦም በመሃል ማስገባት ማለት 0.5 ቮልት መቀማት ነው። ስለዚህ የቡስት ኮንቨርተርን አነሳስ በመልቲሜትር የከረንት ክልል ለማየት አትሞክሩ። ከረንት ማየት ካስፈለገ 0.1 ኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ሬዚስተር አስገቡና በእሱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ በሚስለው መሣሪያ፣ እዩ።

ኦሲሎስኮፑን ያን ጊዜ ነው ያመጣሁት፣ ከመጀመሪያው ማምጣት የነበረብኝ ቢሆንም። አንዱን ፕሮብ (የመለኪያውን ጫፍ) መውጫው ላይ፣ ሌላውን ደግሞ መግቢያው ላይ አደረግኩ። መግቢያው ስል የድንጋዩ ጫፍ ላይ ማለቴ አይደለም፣ ልክ ቺፑ አጠገብ ያለው ካፓሲተር ላይ ነው። የፕሮቡን ረጅም የግራውንድ ሽቦ አውልቄ አጭሯን ጥምዝ ሽቦ ገጠምኩ፣ አለበለዚያ የምታዩት ግማሹ የሽቦው ጩኸት ነው። ትሪገሩን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ።

ዓይኔ በራ። መልቲሜትሩ 1.7 ብሎ ያቆመው መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም። መጋዝ ነበር። ከ1.5 ወደ 1.9 ይወጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይወጣል፣ በየጥቂት ሚሊሴኮንዱ። መልቲሜትሩ የመጋዙን ጥርሶች አማካይ ብቻ ነበር የሚነግረኝ። መግቢያው ላይ ያለው ሌላኛው መስመር ደግሞ ልክ በተቃራኒው። መውጫው ሽቅብ ሲወጣ መግቢያው ከ1.1 ወደ 0.6 ይዘቅጣል፣ ቺፑ ቮልቴጅ አነሰኝ ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ጭነቱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ነፍስ ይዘራል፣ ቺፑ እንደገና ይነሳል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ።

ሁለት ቺፕ ያለ ጥፋቱ ነቅዬ ጥያለሁ። የሚነሳ ነገር አልነሳም ሲል መታየት ያለበት የሚወጣው ሳይሆን የሚገባው ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚዘቅጥ በቁጥር እንየው፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ ደስ ይላል። ሬዲዮው ሲያሰራጭ 120 ሚሊአምፔር ይወስዳል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ 15። ድምሩ በ3.3 ቮልት 0.45 ዋት ገደማ ነው። ኮንቨርተሩ በዚህ ዝቅተኛ መግቢያ 80 በመቶ ብቃት አለው ብንል፣ ከድንጋዩ 0.56 ዋት መውሰድ አለበት። በ1.1 ቮልት ሲካፈል ግማሽ አምፔር ነው። ነገር ግን ግማሽ አምፔር ሲወስድ የድንጋዩ ቮልቴጅ ይወርዳል። ሲወርድ ኮንቨርተሩ ያንኑ 0.56 ዋት ለማግኘት የበለጠ ከረንት ይስባል። የበለጠ ሲስብ የበለጠ ይወርዳል። አንድ ተራ ሬዚስተር ቮልቴጅ ሲያንስበት ከረንቱን ይቀንሳል፤ ኮንቨርተር ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ድንጋዩ በደከመ ቁጥር አብዝቶ ይጠይቃል።

ለዚህ ደግሞ ጣሪያ አለው። ማንኛውም የኃይል ምንጭ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ዋት የቮልቴጁ ካሬ በውስጣዊ ሬዚስታንሱ አራት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። እኔ ጋ ከድንጋዩ እስከ ቺፑ ያለው ሬዚስታንስ በድምሩ 0.6 ኦም ነበር። 1.1 በ1.1 ሲባዛ 1.21፣ ለ2.4 ሲካፈል 0.50 ዋት። የሚያስፈልገው 0.56። ስለዚህ ቺፑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይሆንም፣ ያ ኃይል እዚያ የለም። በአዲስ ድንጋይ ቮልቴጁ 1.5 ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱም ትንሽ ስለሆነ ከበቂ በላይ ትርፍ አለ። ጠዋት ጠዋት የባሰውም በዚሁ ነው፤ አልካላይን ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል።

የ0.6 ኦሙን ባለቤቶች አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። ትልቁ ድንጋዩ ራሱ ነው፣ 0.35 ገደማ። ሳምንት የሠራ ድንጋይ ስለሆነ እሱን ምንም አላደርገውም። ቀጥሎ የድንጋዩ ማስቀመጫ። 0.3 አምፔር እየሳብኩ አንዱን ፕሮብ ድንጋዩ ላይ፣ ሌላውን ሽቦው ከተበየደበት ቦታ ላይ ሳስቀምጥ 45 ሚሊቮልት ጠፋ። 0.15 ኦም ማለት ነው። ስፕሪንጓን ጠጋ ብዬ ሳያት ጫፏ ላይ ግራጫ ሽፋን ይዛለች፣ ድንጋዩን በጣቴ ሳዞረው ቁጥሩ ከ45 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 60 ይዘላል። በአልኮል ጠረግኳት፣ ተሻለ። በኋላ ጭራሽ በሰፊ ጠፍጣፋ መያዣ ቀየርኳት፣ 0.05 ላይ ረጋ።

የቀረው 0.1 ኦም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አውቄ ያስገባሁት ነበር። ቀደም ሲል የሬዲዮው መቀበያ ኮንቨርተሩ ሲሠራ ጩኸት ይሰማ ስለነበር መግቢያው ላይ ፌራይት ቢድ፣ ማለትም የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጩኸት የምታፍን ትንሽ ዕቃ፣ አስገብቼ ነበር። ጩኸቱን ቀነሰልኝ፣ ረሳሁት። ትንሿ ፌራይት ቢድ ለሲግናል መስመር የተሠራች ስለነበረች ለቀጥተኛ ከረንት 0.1 ኦም ነበራት። በዚያ ላይ ትልቁ የመግቢያ ካፓሲተር ከቢዱ በድንጋዩ በኩል ነበር የተቀመጠው፣ ኮንቨርተሩ ግን ከቢዱ ወዲያ ማዶ ነው። በየማይክሮሴኮንዱ የሚፈልገውን ከረንት የሚያበድረው አጠገቡ ያለ ካፓሲተር ነው፣ እኔ ግን ማዶ አስቀምጬበታለሁ። ለኃይል መስመር የተሠራና 0.02 ኦም የሆነ ቢድ ገባ፣ ካፓሲተሩም ወደ ቺፑ ተሻገረ።

በነገራችን ላይ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምር የነበረው ሚድልብሩክ ይህንን ጉዳይ በ1976 አስቀምጦታል። ከስዊቺንግ ኮንቨርተር በፊት የምታስገቡት ፊልተር ኢምፒዳንሱ (ለሚለዋወጥ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ከኮንቨርተሩ የመግቢያ ኢምፒዳንስ በጣም ማነስ አለበት፣ አለበለዚያ ሁለቱ እርስ በርስ መወዛወዝ ይጀምራሉ። ለጩኸት ብላችሁ ቢድ ስትጨምሩ እሱንም አስቡ።

ሬዚስታንሱ ከ0.6 ወደ 0.42 ወረደ። ጣሪያው 0.72 ዋት ሆነ። ይሁንና አሁንም አንዳንዴ መጀመሪያው ላይ አልነሳም ይላል። እዚህ ላይ ነው ልብ ያላልኩት ነገር የመጣው፤ ሲነሳ እኮ ሬዲዮው ማሰራጨት የለበትም! ማይክሮኮንትሮለሩ 15 ሚሊአምፔር ብቻ ነው የሚፈልገው። ታዲያ ያ ሁሉ ከረንት የት ነው የሚሄደው?

ሁለት ቦታ። አንዱ የመውጫው ካፓሲተር ነው። ለማሰራጫው ይጠቅማል ብዬ 470 ማይክሮፋራድ አድርጌ ነበር። እሱን በ1 ሚሊሴኮንድ 3.3 ቮልት ለማድረስ 1.55 አምፔር ያስፈልጋል፣ ያውም በመውጫው በኩል፣ በመግቢያው በኩል ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ወደ 100 ማይክሮፋራድ አወረድኩት። ቺፑ ሶፍት ስታርት፣ ማለትም መውጫውን ቀስ በቀስ የሚያስነሳ ዘዴ፣ ስላለውም አረዘምኩት፣ ቀስ ብሎ ይሙላ፣ ማንም አይቸኩልም።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ በትክክል የሚሠራው ከ1.8 ቮልት በላይ ነው። ከዚያ በታች ሞቶም አይደለም፣ በግማሽ ነቅቷል። እግሮቹ ከፍም ዝቅም ሳይሉ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ከነሱ አንዱ የማሰራጫውን ማጉያ የሚያበራው ነበር። መውጫው 1.6 አካባቢ ሲደርስ ያ እግር ተንሳፍፎ ማጉያውን ገርበብ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ማጉያው ከረንት ይጠጣል፣ መውጫው መውጣት ያቅተዋል። ዳገቱ እዚያ ላይ ነው። ከ1.8 ቢያልፍ ማይክሮኮንትሮለሩ ነቅቶ ማጉያውን ይዘጋው ነበር፣ ነገር ግን ማጉያው ራሱ ወደ 1.8 እንዳይደርስ ይዞታል።

ቺፑም በዚህ ሰዓት ጉልበት የለውም። ከ1 ቮልት የሚነሱ ቺፖች ሲጀምሩ የሚሠሩት በድንጋዩ ቮልቴጅ ነው፣ ውስጣቸው ያለው ትራንዚስተር በደንብ አይከፈትም፣ የሚያሳልፈውም ከረንት ትንሽ ነው። መውጫው አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ራሳቸውን ከመውጫው መመገብ ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ ይበረታሉ፣ ድንጋዩ 0.6 ቢወርድም የሚቀጥሉ አሉ። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው የመነሻ ቮልቴጅ ለዚህ ነው የሚያታልለው። ከጎኑ ያለውን ሁኔታ የሚገልጸውን ዓምድ አንብቡት። የእኔ ላይ «በ1 ሚሊአምፔር ጭነት» ይላል። እኔ ደግሞ በግማሽ የነቃ ማጉያ አሸክሜው ተነሳ እለዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ ስጫነው የመነሳቱ ምስጢርም እዚህ ተፈታ። ቁልፉን ስለቅ ድንጋዩ ለቅጽበት ያርፋል፣ ትንሽ ያገግማል። የመውጫው ካፓሲተር ግን ወዲያው አይጎድልም፣ ካለፈው ሙከራ የተረፈ አለው። ቶሎ ቶሎ ስጫን እያንዳንዱ ሙከራ ካለፈው ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ፣ ካረፈ ድንጋይ ጋር ይጀምራል። ሦስተኛው ላይ ዳገቱን ያልፋል። ካለፈ በኋላ ማጉያው ይዘጋል፣ ቺፑ ከመውጫው መመገብ ይጀምራል፣ ቀኑን ሙሉም ምንም አይሆንም። ቀስ ብዬ በየአሥር ሴኮንዱ ብጫነው ኖሮ ሃያ ጊዜም ቢሆን አይነሳም ነበር። ሞክሬ አረጋገጥኩት።

መፍትሔው ጭነቱን መለየት ነው። በኮንቨርተሩና በሬዲዮው መሃል አንድ ፒ ቻናል ሞስፌት፣ ማለትም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር፣ አስገባሁ፣ መውጫው 3.0 ቮልት ሳይደርስ እንዳይከፈት የሚጠብቀው ትንሽ የቮልቴጅ ጠባቂ ቺፕ ጨመርኩ። ኮንቨርተሩ ብቻውን ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ነው ሸክሙ የሚመጣው። ማጉያውን የሚያበራው መስመር ላይ ደግሞ ወደ ግራውንድ የሚጎትት 100 ኪሎኦም ሬዚስተር አስቀመጥኩ። ይህች ሬዚስተር ገና ከመጀመሪያው መኖር ነበረባት።

ሌሎች የሚያጋጥሙ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንድ ወዳጄ ጋ የነበረው ጨርሶ አይነሳም ነበር፤ የኮንቨርተሩን ማብሪያ ፒን ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር አገናኝቶታል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ደግሞ የሚበላው ከዚያው ኮንቨርተር ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ተኝተው ቀሩ። ከድንጋዩ ጋር በሬዚስተር ሲያያይዘው ተነሳ። ድንጋይ ተገልብጦ እንዳይገባ ብሎ ዳዮድ በመሃል የሚያስገባም አለ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ 0.3 ቮልት በዳዮድ ማጣት ከባድ ነው፣ ለዚህም ሞስፌት ይሻላል።

ኢንዳክተር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። መጠኑን ብቻ አይተው የሚገዙ ብዙ ናቸው፤ 4.7 ማይክሮሄንሪ ይላል፣ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም። ኢንዳክተር ከአንድ የከረንት መጠን በላይ ሲሄድ ሽቦው የተጠቀለለበት ኮር ይጠግብና የማይክሮሄንሪው መጠን ይወርዳል። 0.4 አምፔር የሚችል ኢንዳክተር ላይ ግማሽ አምፔር ስትጭኑ 4.7 የነበረው 4.7 አይደለም። በኦሲሎስኮፕ የኢንዳክተሩን ከረንት ስታዩ ቀጥ ብሎ እንደ መሰላል ዘንበል ብሎ መውጣት ያለበት መስመር ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል። ያ መታጠፍ ማለት ኢንዳክተሩ ጠግቧል፣ የተረፈው ከረንት ሥራ ሳይሠራ ድንጋዩን ያደክማል ማለት ነው። የጥጋቡ ከረንት ከቺፑ የከረንት ገደብ በላይ የሆነውን ምረጡ። የሴራሚክ ካፓሲተርም እንዲሁ ነው፣ ላዩ ላይ 10 ማይክሮፋራድ የተባለው አካሉ ትንሽ ከሆነ ቮልቴጅ ሲጫንበት ግማሹንም ላይሆን ይችላል።

ከሬዲዮ ጋር ሲሆን ደግሞ ተነሳ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። በ1.2 ሜጋኸርዝ የሚቀያየር ኮንቨርተር የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት መሃል ላይ ተቀምጧል፣ መካከለኛ ሞገድ ከ530 እስከ 1600 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነውና። በ600 ኪሎኸርዝ የሚሠራውም እጥፉ እዚያው ያርፋል። ጭነቱ ቀላል ሲሆን ደግሞ ቺፑ ኃይል ለመቆጠብ እያረፈ እያረፈ ይሠራል፣ ያ ማረፍና መሥራት ጆሮ በሚሰማው ፍሪኩዌንሲ ሊወድቅ ይችላል፣ ስፒከር ካለ እንደ ፉጨት ይሰማል። በሌላ በኩል የማሰራጫው ሞገድ ራሱ ወደ ኮንቨርተሩ የፊድባክ ፒን፣ ማለትም የመውጫውን ቮልቴጅ ወደሚከታተልበት እግር፣ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ሁለት ሬዚስተሮች መስመራቸው ከረዘመ እንደ አንቴና ይሆናሉ፣ ልክ ስታሰራጩ መውጫው ይዋዥቃል። ከፒኑ ሥር አስጠግቷቸው።

ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድም ሬዲዮው እንዲያውቅ አድርጌዋለሁ። ከማሰራጨቱ በፊት ሳይሆን እያሰራጨ እያለ የድንጋዩን ቮልቴጅ ያነባል፤ ያረፈ ድንጋይ ያልደከመ ይመስላል። ከ0.85 በታች ከሆነ የማሰራጫ ኃይሉን ከ100 ሚሊዋት ይቀንሳል። ርቀቱ ትንሽ ያጥራል፣ ነገር ግን መልእክቱ መሃል ላይ አይቆረጥም።

ትናንት ያንኑ ያስቸገረኝን ድንጋይ፣ ሲያርፍ 1.1 የሚያሳየውን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ከተትኩት። ቶሎ ቶሎ መጫን ስለለመድኩ ጣቴን ያዝ አድርጌ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ። ኦሲሎስኮፑ ላይ መግቢያው ከ1.1 ወደ 0.95 ዝቅ አለ፣ እዚያ ላይ ቆመ፣ መውጫው በ8 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ያለ ምንም ጥርስ ቀጥ ብሎ 3.3 ደረሰ። ከዚያ ሞስፌቱ ተከፈተ፣ ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ረጋ። መልእክቱም ሄደ።